የአርባ ፍራሽ ዋጋ

ጠበቃው ባለዕዳን «አንተ» ብሎ ጠርቶ አያውቅም። በሠላሳ አራት ዓመት የጥብቅና ዘመኑ፣ ከዳቦ ጋጋሪ እስከ ፋብሪካ ባለቤት፣ የሰው ገንዘብ ይዞ አልከፍልም ያለውን ሁሉ «እርስዎ» እያለ አስከፍሎታል፤ ያላስከፈለውንም «እርስዎ» እያለ ተሰናብቶታል። ዕዳ የሰው ጉድለት እንጂ የሰው ስም አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህም ለራሱ ሥርዓት ሠርቶ ነበር። ክስ ከመመሥረቱ በፊት ሦስት ደብዳቤ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው ያስታውሳል፣ ሁለተኛው ያስረዳል፣ ሦስተኛው ያስጠነቅቃል። ደብዳቤውን በታሸገ ፖስታ ለባለዕዳው በእጁ ያስረክባል እንጂ ለሚስቱ፣ ለዘበኛው ወይም ለጎረቤቱ አይተውም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ማንም አይደውልም። በባለዕዳ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። የሙያ ባልደረቦቹ በዚህ የተነሣ «አባ ሦስቴ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ከዚህ የከፋ ስም የወጣለት ጠበቃ ሞልቷል ብሎ ትቶታል።

ቢሮው ከመነጽር መሸጫ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ነበር። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ተደግፎበታል። መጽሐፉ ከተሻረ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ከተሻረ ወዲህ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ የፍራሽ ሰሪዋን ክስ እየተየበች ሳለ ጣቶቿን አቆመች።

«ጋሼ፣ ሰውየው ፍራሾቹን የተረከበበት ቀን የቱ ነው ልበል?»

«ከሒሳብ መጠየቂያው ላይ ያለውን ጻፊ።»

«የርክክብ ወረቀቱ ላይ ያለውስ?»

«አንድ አይደሉም እንዴ?»

«በአሥራ አራት ቀን ይለያያሉ።»

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀው። ቀኑ አልተለወጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው የዕቃ ሽያጭ ዕዳ በሁለት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ካልተጠየቀ፣ ባለዕዳው «ጊዜው አልፏል» ብሎ በነጻ እንዲሄድ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሕግ አዋቂዎች ይህን የጊዜ ገደብ ይርጋ ይሉታል። ጠበቃው ሁለቱን ዓመት ከሒሳብ መጠየቂያው ቀን ጀምሮ ቆጥሮ፣ ገና ሦስት ቀን ይቀረኛል ብሎ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ውሉ ግን ዋጋው የሚከፈለው ፍራሾቹ በተረከቡበት ዕለት ነው ይላል። ከዚያ ዕለት ሲቆጠር ጊዜው ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ጸሐፊዋ። ክፋት አልነበረባትም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ስለሠራች ነው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዳኛው እኮ በራሱ አያነሣውም። ሰውየው ጊዜው አልፏል ካላለ የሚጠይቅ የለም።»

«የለም።»

«እንግዲያው እናስገባው። ምናልባት አያውቅ ይሆናል።»

«ምናልባት አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«አስቀድማ ማወቅ የሚገባት ሴት አለች» አለና ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ፍራሽ ሰሪዋ ረጅምና ጣሪያው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። የጥጥ ከረጢት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ብናኙ በቅንድቧ ላይ ስለሚያርፍ ከዕድሜዋ ይልቅ አሥር ዓመት ያስረጃታል። ክንድ የሚያህል መርፌ ይዛ ባለ መስመሩን ጨርቅ ስትወጋ ጠበቃው ገባ። ፊቱን አይታ ሁለቱን ሠራተኞቿን ክር ግዙልኝ ብላ አስወጣቻቸው፤ ክር ግን ሞልቶ ነበር።

ይህች ሴት ባሏ ከሞተባት አምስት ዓመት ሆኗታል። ባለዕዳዋ ዋርሳዋ ነው፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። የእንግዳ ማረፊያ ሲከፍት አርባ ፍራሽ አሠርቶ፣ ውል ፈርሞ፣ «ለወንድሜ ሚስትማ በዕለቱ ነው የምከፍላት» ብሎ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ እሷ ራሷ አልጠየቀችውም። እንዴት ትጠይቀው? በየእሑዱ ቤተሰቡ ሁሉ አማቷ ቤት ለምሳ ይሰበሰባል፤ ዋርሳዋም ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። አፏን ብትከፍት አማቷ ትሰማለች፤ አማቷ ከሰማች ቤተሰቡን አጣላች ትባላለች። ይሉኝታ ያሰረውን መቀስ አይፈታውም። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ እጇ ሳህን እያቀበለችው፣ በሌላው እጇ በጠበቃ ደብዳቤ ስታጽፍበት ኖረች። አሁን ግን የሱቁ ኪራይ ስድስት ወር ተጠራቅሞባታል፤ ባለቤቱም እስከ ሰኞ ካልተከፈለው ቤቱን ለጎማ ሻጭ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል።

«እኅቴ፣ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ» አለ ጠበቃው፤ ተቀመጥ እስኪባል አልጠበቀም።

«ገንዘቡን ለሌላ ሰው ሰጡት?»

«ገንዘቡ ገና አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ስሕተት ነው ካልመጣ ገንዘብ ላይ የሚሠራ?»

ነገራት። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀኖቹን በጣቱ አሳያት። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፤ ከዚያ ቆመ።

«አሥራ አንድ ቀን» አለች።

«አሥራ አንድ ቀን።»

«ሁለት ዓመት ጠብቀን፣ በአሥራ አንድ ቀን?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚህ ምክንያት ለሚደርስብሽ ጉዳት እኔን በሕግ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። በዚህ ነገር ልመክርሽ የማይገባኝም እኔው ነኝ፤ ስለዚህ የሦስት ጠበቆች ስም ጽፌ አምጥቻለሁ።»

ወረቀቱን በጥጡ ላይ አስቀመጠላት። አየችው።

«እርስዎን የምከስበት ጠበቃ እርስዎ መርጠውልኝ?»

«ሁለቱ አይወዱኝም።»

«እነሱስ ደብዳቤ ይጽፋሉ?»

«ሲበዛ አንድ።»

ፍራሽ ሰሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ከጥጡ ሥር ሸጎጠችው። ቀጥላ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው ለካ» አለችና ሊያስቅ የማይገባውን ነገር ሳቀችበት። ወዲያው ደግሞ ፊቷን መለሰች። «እሺ፣ የሚያስነሣው ነገር የለም? የሞተ ነገር አንዳንዴ ይነሣል።»

«አንድ አለ። ባለዕዳው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ አምኖ ከፈረመ፣ ጊዜው ከፈረመበት ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

«ታዲያ ምን ይቀመጣሉ! ወረቀት ይዘው ሄደው፣ 'ነገ ጠዋት ልከስህ ነው፣ ካልፈረምህ ወየውልህ' ይበሉት።»

«ነገ ጠዋት ብከሰው የሚሆነውን አውቃለሁ። የማላምንበትን ዛቻ አልዝትም።»

«እንግዲያው ጊዜው አልፎልሃል ብለው ይንገሩት!»

«እሱንም አላደርገውም። እኔ ያንቺ ጠበቃ ነኝ፤ ያንቺን ጉድለት ለእሱ አላሳብቅም። መዋሸትና ዝም ማለት ሁለት ነገር ነው።»

«ልዩነቱ ኪራይ ይከፍላል?»

«አይከፍልም።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «በሉ ይሂዱና እንደሚያውቁት ይጠይቁት። ግን ስለ ሱቄ እንዳይነግሩት፤ አዘነልኝ ማለት አልፈልግም። አማቴም እንዳትሰማ።» በሩ ላይ ሲደርስ ጠራችው። «ጋሼ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ መቼ ነበር የማውቀው?»

«ምናልባት መቼም።»

«ይኼን ያህል ሐቀኛ ሰው ቀን መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?» አለች፤ መልስ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ጠበቃው በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

በማግስቱ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሄደ። ባለቤቱ ሆዱ ከወገቡ የቀደመ፣ ሳቁ ከሰላምታው የሚቀድም ሰው ነው። እሱ ዘንድ ገንዘብ የቀረባቸው ነጋዴዎች «ነገ» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ በዚህ ስም ሲጠራም አቤት ይላል። ቁልፎች በተደረደሩበት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ጠበቃውን ገና ከበሩ ሲያየው ድምፁን ለቀቀው።

«አባቴ! ዛሬ ደግሞ ስንተኛው ደብዳቤ ነው?»

«የግል ጉዳይ ነው። ለብቻዎ ቢሆን እመርጣለሁ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ ቤተሰብ ነው!» አለ ባለ ማረፊያው፣ ሻንጣ ይዞ ሒሳቡን የሚጠብቀውን መንገደኛ በእጁ እያመለከተ። መንገደኛው ሒሳቡ እንዲቀነስለት ተስፋ ያደረገ ይመስል ፈገግ አለ።

ጠበቃው ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ባለ ማረፊያው ቁልፍ አንሥቶ ባዶ ወደ ነበረው ሰባት ቁጥር ክፍል አስገባው። እሱ አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ጠበቃው ግን ክርክር ባለበት ንብረት ላይ መቀመጥ ተገቢ አልመሰለውምና እንደ ቆመ ቀረ።

«ፍራሾቹ አሉ?»

«አርባውም! ምን የመሰለ እጅ አላት መሰለዎ። እንግዳ ሁሉ ሲነሣ ወገቤን አላመመኝም ነው የሚል።»

«ዋጋቸው ተከፍሏል?»

«እሱማ ነገ ነገ ስል…»

«የመጣሁት እንዲከፍሉ ልጠይቅዎ ነው። በአንድ ጊዜ ካልተመቸዎ በየወሩ ሊከፍሉ በጽሑፍ መስማማት እንችላለን።»

ባለ ማረፊያው ፍራሹን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ቀና ሳይልም ጠየቀ። «ባልከፍልስ? ይከሱኛል?»

መልሱ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ጠበቃው «አዎ» ቢል ሰውየው እንደሚፈርም ያውቃል፤ ሱቁ ሊተርፍ፣ ስሕተቱ ሊቀበር፣ ጸሐፊዋም ሰኞ ቀን በደስታ ልትሠራ ነው። ቃሏ ምላሱ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ፈተና ሁልጊዜ በትልቅ በር አይመጣም፤ ይኼኛው የመጣው በሁለት ፊደል ነው። ዋጣት።

«እኔ የእርስዎ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን ጥያቄ ለራስዎ ጠበቃ ያቅርቡ።»

መታ መታው ቆመ። «ሦስቱም ደብዳቤ ላይ ፍርድ ቤት የሚል ነበረበት።»

«ነበረበት።»

«ዛሬ ስሙን አልጠሩትም።»

ጠበቃው በመስኮቱ አሻግሮ ተመለከተ። ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ግድግዳውን በትጋት አየው።

«ጠበቃ ለአንድ ጥያቄ ስንት ያስከፍላል?» አለ ባለ ማረፊያው በዝግታ።

«ለአንድ ጥያቄ ብዙ አይሆንም።»

ደረጃውን ሲወርድ፣ አንድን ባለዕዳ ከዕዳው ሌላ በሆነ ነገር ላይ ገንዘብ እንዲያወጣ ሲመክር በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አሰበ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለ ማረፊያው አንድ ከረጢት ብርቱካን ታቅፎ፣ ፊቱ እየበራ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ ቢሮው ወጣ። ጸሐፊዋ ብርቱካኑን ተቀብላ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው፤ ሥርዓቱን ታውቃለች።

«ነጻ ወጣሁ!» አለ። «ጠበቃዬ ወረቀቶቹን አገላብጦ አያቸው። ከአሥራ አራት ቀን በፊት እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ይገባ ነበር አለኝ።»

«ጊዜው ካለፈ ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኑ ነው» አለች ጸሐፊዋ፤ የቆጠረች ትመስላለች።

«ምክር ማግኘትዎ መልካም ነው» አለ ጠበቃው።

ባለ ማረፊያው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጎንበስ አለ። «አሁን እውነቱን ልንገርዎ። ሁለት ዓመት ያልከፈልሁት አጥቼ አይደለም።»

«ገምቼ ነበር።»

«ደብዳቤ ስለሚጽፉብኝ ነው! እኔ በግድ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ሲጎትቱኝ እግሬን እተክላለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፣ እናቴን ይጠይቋት። አሁን ግን የሚያስገድደኝ የለም። ስለዚህ ለወንድሜ ሚስት ስጦታ ልሰጣት ነው። ሙሉውን ዋጋ!»

የጸሐፊዋ የመተየቢያ ድምፅ ተቋረጠ።

«ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። አንደኛ፣ እርስዎ 'ስጦታ' የሚል ወረቀት ይጽፉልኛል። ሁለተኛ፣ እሑድ በእናቴ ማዕድ ላይ ተነሥታ በቤተሰቡ ፊት ታመሰግነኛለች። ግማሹን አሁን በቼክ፣ ግማሹን ከምስጋናው በኋላ። እርስዎም ይምጡና ምስክር ይሁኑ።»

«'ስጦታ' ብዬ አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ስላልሆነ።»

ጸሐፊዋ ሳለች፤ ጉንፋን አልነበረባትም። «ጋሼ፣ አንድ ቃል ነው እኮ።»

ጠበቃው ውሳኔው የእሱ ሳይሆን የደንበኛዋ መሆኑን ያውቃልና ስልክ አንሥቶ ለፍራሽ ሰሪዋ የተባለውን ሁሉ እንዳለ ነገራት። በወዲያኛው ጫፍ ጥጥ ሲመታ ይሰማል፤ ቆየት ብሎ ቆመ።

«አማቴ ፊት?»

«ፊቷ።»

«ግማሹን አሁን ይሰጣል?»

«ቼኩን ጽፎ ይዞታል።»

«ሌላውን እሑድ?»

«እንዲህ ይላል።»

ትንፋሽዋን ለቀቀች። «እሺ በሉት። ምስጋና ጥጥ አይፈጅም።»

ጠበቃው ስልኩን ዘጋና ባዶ ወረቀት ወደ ባለ ማረፊያው አንሸራተተ። «ደንበኛዬ ተስማምታለች። እኔ ግን ያልሆነውን አልጽፍም። እርስዎ የራስዎን ቃል በራስዎ እጅ ሊጽፉ ይችላሉ።»

ባለ ማረፊያው እንደ ሠርግ ፈራሚ እጅጌውን ሰበሰበ። ስጦታው ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ስለፈለገ ምንም አላስቀረም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የሚገኘው፣ ከወንድሜ ሚስት ገዝቼ ለወሰድኋቸውና እስከ ዛሬ ላልከፈልሁባቸው አርባ ፍራሾች፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በቸርነቴ ብቻ፣ ሙሉ ዋጋቸውን ግማሹን ዛሬ ግማሹን እሑድ እሰጣታለሁ።»

ጠበቃው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ገዝቼ ወስጃለሁ፤ አልከፈልሁም፤ ሙሉ ዋጋውን እሰጣለሁ። ሁለት ዓመት በሦስት ደብዳቤ ሊያገኘው ያልቻለው የዕዳ እምነት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ያለ አንድ ስርዝ፣ ፊቱ ተቀምጧል። ሰውየው ከፈረመ የሞተው ክስ ይነሣል።

«ከመፈረምዎ በፊት ይህን ለጠበቃዎ ያሳዩት።»

«ስጦታ ለመስጠት?»

«ያሳዩት።»

«ለአንድ ጥያቄ ከፍዬዋለሁ፤ ለሁለተኛ አልከፍልም።»

«ሁለተኛ ጊዜ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ባይፈርሙ የሚቀርብዎ ነገር የለም። ያሳዩት።»

ባለ ማረፊያው ሳቀና የጠበቃውን ክንድ ጨበጥ አደረገው። «አባቴ፣ እርስዎ እኮ በቸርነቴ ቀንተዋል!» ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈ፤ ቼኩን አስቀመጠ፤ ለእሑዱ ንባብ አንድ ቅጂ አስነሥቶ፣ ብርቱካኑን ከበሩ ሥር አንሥቶ፣ እያፏጨ ወረደ።

ጸሐፊዋ እርምጃው እስኪጠፋ ጠበቀች። «ሁለት ጊዜ! አንዴ አይበቃም ነበር?»

«ሦስተኛ እንዳልል ራሴን ይዣለሁ።»

«ቢያሳየው ኖሮስ?»

«ቢያሳየው ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ፍራሽ ሰሪዋ ቤት የምንሄደው ጎማ ለመግዛት ነበር» አለ ጠበቃው ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ እያስገባ።

እሑድ ቤተሰቡ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። በራስጌው የተቀመጠችው የባለ ማረፊያው እናት ዘጠና ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የምትሻውን ብቻ የምትሰማ ሴት ነበረች። ጠበቃው በግርጌው ተቀመጠ። የባለዕዳ እናት ቤት የባለዕዳ ቤት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጉዳይ በልቡ ካመዛዘነ በኋላ፣ ውኃውን ትቶ ቁራሽ ዳቦ ወሰደ።

ምሳው ከመጀመሩ በፊት ባለ ማረፊያው ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወረቀቱን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበ። «በቸርነቴ ብቻ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዙሪያውን ተመለከተ። ፍራሽ ሰሪዋ ብድግ አለች።

«አመሰግናለሁ» አለችና ተቀመጠች።

«ይኼው ነው?»

«ምን ልጨምርበት?»

«ከልብ ይሁን እንጂ! አርባ ፍራሽ ነው እኮ!» ሁለተኛውን ቼክ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ነበር፤ አየውና መልሶ ከተተው። «ይኼ ምስጋና ለግማሹ ይበቃል። ለሌላው ግማሽ ነገ እናየዋለን።»

ነገ ሰኞ ነበር። ፍራሽ ሰሪዋ ሹካዋን ይዛ አላነሣችውም። ጠበቃው ተነሥቶ ሊናገር ፈለገ፤ ግን የደንበኛውን ጉዳይ ያለ ፈቃዷ በሰው ፊት አያወጣም። ተቀምጦ ዳቦውን አኘከ። ዳቦው አላልቅ አለው።

«ያንን ወረቀት ድገመው» አለች እናትየው።

«ከየት ጀምሬ፣ እማዬ?»

«'ገዝቼ ለወሰድኋቸው' ካልኸው።»

ደገመው። ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል።

«መቼ ነው የወሰድሃቸው?»

«ያው… ማረፊያውን ስከፍት።»

«ሁለት ዓመት ሆነው?»

«እንዲያ ይሆናል።»

«የተኛባቸው ሰው በነጻ ነው የሚተኛ?»

«እንግዳ በነጻ ይተኛል እንዴ፣ እማዬ!»

«በዕለቱ ነው የሚከፍልህ ወይስ ነገ?»

«ሳይከፍልማ ሻንጣውን አይወስድም።»

ጠበቃው ብዙ የተደነቁ ተከራካሪዎችን ሰምቷል፤ ግን አንድን ሰው በገዛ አፉ በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ እዚህ ያደረሰ አላጋጠመውም። ሳያስበው ብዕሩን ሊያወጣ ኪሱን ዳሰሰ።

እናትየው ወደ ፍራሽ ሰሪዋ ዞረች። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ባል ቀብሬ፣ ልጅ ቀብሬ ቆሜያለሁ፤ በፍራሽ እወድቃለሁ ብለሽ ነው?»

«እማዬ!» አለ ባለ ማረፊያው። «ሕግ እኮ አያስገድደኝም። ጊዜው አልፏል! ጠበቃዋ ራሳቸው ያውቁታል፣ ይጠየቁ!»

እናትየው በጠረጴዛው ርዝመት አሻግራ አየችው። ጠበቃው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። «እውነት ነው፣ ልጄ?» አለችው።

እሱ ወደ ፍራሽ ሰሪዋ ተመለከተ። እሷም አማቷን አየች፤ ዋርሳዋን አየች፤ ሁለት ዓመት የተሸከመችውን ነገር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስታወርደው ፊቷ ላይ ታየ። «ይናገሩ» አለችው።

ጠበቃው ተነሣ። «እስከ ዓርብ ድረስ እውነት ነበር፣ እማማ። ጊዜው ያለፈውም በእኔ ጥፋት ነው፤ ቀን ተሳስቼ ቆጥሬያለሁ። ዓርብ ዕለት ግን ልጅዎ ዕዳውን በጽሑፍ አምነው ፈርመዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

ባለ ማረፊያው በእጁ የያዘውን ወረቀት የማያውቀው ሰው የሰጠው ይመስል ተመለከተው።

«አታለሉኝ!»

«ለጠበቃዎ ያሳዩት ብያለሁ።»

«አንዴ ነው ያሉት!»

«ሁለቴ።»

ባለ ማረፊያው አፉን ከፈተ፤ አሰበ። ገንዘብ አይከፍልም እንጂ ውሸታም አልነበረም። «ሁለቴ ነው» አለ።

«ነገ ጠዋት መዝገብ ቤቱ እንደ ተከፈተ ክሱን አስገባለሁ» አለ ጠበቃው።

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤ የለም።»

ይህን ካለ በኋላ ከማንም ይልቅ እሱ ራሱ ደነገጠ፤ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ነገም የለም» አለች እናትየው። «ኪስህ ውስጥ ያለውን ስጣት።»

ባለ ማረፊያው ሰጠ። ፍራሽ ሰሪዋ ቼኩን ተቀብላ ስሟን አነበበች፤ ቁጥሩን አነበበች፤ ቀኑን ደግሞ ከሁሉ አስረዝማ አነበበች።

«አሁን አመስግናት።»

«እኔ? በምን ዕዳዬ?»

«ሁለት ዓመት ሳትጮህብህ ስለኖረች።»

«አመሰግናለሁ» አለ በአፍንጫው።

«ከልብ ይሁን እንጂ» አለች ፍራሽ ሰሪዋ፤ እናትየውም ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው ብላ ማንኪያዋን አነሣች።

ሰኞ ሁለቱም ቼኮች ተመነዘሩ፤ ስድስቱ ወር ኪራይም ተከፈለ። ጎማ ሻጩ ሜትር ይዞ መጥቶ የግድግዳውን እኩሌታ ለክቶ ሳይጨርስ ነው የተመለሰው። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ሰሪዋ ጠባቡን ደረጃ ወጥታ፣ የጥብቅና ክፍያውን በፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠበቃው ፖስታውን መልሶ ገፋው።

«አልቀበልም። ስሕተቴ ክፍያዬን በልቶታል።»

ፍራሽ ሰሪዋ አልተከራከረችም፤ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለመሄድ ተነሥታ ግን ቆመች።

«ጋሼ፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን ከልቤ ይቅር ብዬዎታለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ስለ ሁለቱ ዓመት ግን» አለች በሩን እየከፈተች፣ «ገና እያሰብሁበት ነው።»